«ሥርዓተ ክወና» የሚለው ስያሜና ከበስተኋላው ያለው ታሪክ
የአንድ ነባር የኮምፒዩተር ሠራተኛ አስተያየት

1. መግቢያ

አንድ ባዕድ ዕቃ ወደ አገር ሲገባ ወይ ስሙን ይዞ ይገባል፤ ወይ አዲስ ስም ይወጣለታል። «ስልክ» የሚለው ቃል ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ቃሉ ከዐረብኛ የተወሰደ ሲሆን መነሻ ፍቹ ሽቦ ማለት ነው። በመሆኑም ዛሬ «ሽቦ አልባ ስልክ» ስንል፣ እንደ መነሻ ፍቹ ከሆነ፣ «ሽቦ አልባ ሽቦ» ማለታችን ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ ከመነሻው ርቆ የራሱን ፍች ስለ ያዘ ማንም አይደናገርበትም። እንዲህ ያለው ርቀት በቋንቋ ሕይወት ውስጥ የተለመደ ነው፤ ጉዳትም የለውም። ጉዳት የሚመጣው ስያሜው የዕቃውን ጠባይ መግለጹን ትቶ የሻጩን ምኞት መሸከም ሲጀምር ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአማርኛ «ሥርዓተ ክወና» እየተባለ የሚጠራውን ነገር ታሪክ በአጭሩ ማቅረብ፣ ከእርሱም ጋር ወደ ቋንቋችን የገቡትን ጥቂት የሙያ ቃላት መመርመር ነው። ጸሐፊው የቋንቋ ሊቅ አይደለም። ከሠላሳ ዓመታት በላይ በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ሲተክል፣ ሲጠግንና ሌሎችን ሲያስተምር የኖረ ሠራተኛ ነው። ስለ ቃላት እንዲያስብ ያደረገውም ሥራው ነው፤ ሰዎች በንብረታቸው ላይ ያላቸውን መብት ሳያውቁ የሚያጡት ብዙ ጊዜ የሚያነቡት ቃል ስለሚያሳስታቸው መሆኑን ደጋግሞ አይቷልና። በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

2. ከሰው ኦፕሬተር ወደ ሥርዓት

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ኮምፒዩተርን የሚያሠራው ሰው ነበር። ፕሮግራም ጻፊው ሥራውን በካርድ አስበስቶ ያቀርባል፤ ኦፕሬተር የሚባለው ሠራተኛ ካርዱን ተቀብሎ ወደ መኪናው ያስገባል፤ ቴፕ ይለውጣል፤ አንዱ ሥራ ሲያልቅ ውጤቱን አውጥቶ ሌላውን ያስጀምራል። «ኦፕሬተር» የሚለውን ቃል የእኛም አገር ሰው ያውቀዋል፤ በስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጦ የሚያገናኘውንም፣ ዶዘር የሚነዳውንም እንዲሁ እንላቸዋለንና። ችግሩ ኦፕሬተሩ ካርድና ቴፕ በሚለዋውጥበት ጊዜ እጅግ ውድ የሆነው መኪና ሥራ ፈትቶ መቆሙ ነበር።

በዚህ ምክንያት በ1956 ጄኔራል ሞተርስና ኖርዝ አሜሪካን አቪዬሽን የተባሉት የአሜሪካ ኩባንያዎች አይ ቢ ኤም 704 ለተባለው ኮምፒዩተር አንድ ፕሮግራም አዘጋጁ። የፕሮግራሙ ተግባር አንዱ ሥራ ሲያልቅ የሰው እጅ ሳይጠብቅ ቀጣዩን ማስጀመር ነበር። ብዙዎች የመጀመሪያው ሥርዓተ ክወና ብለው የሚጠቅሱት ይህንን ነው። ከዚህ እንደምንረዳው ሥርዓተ ክወና ስሙን ያገኘው ከሰው ነው፤ የኦፕሬተሩን ወንበር የወረሰ ፕሮግራም ነው።

በ1961 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በፌርናንዶ ኮርባቶ መሪነት የቀረበው ሥርዓት ሌላ እርምጃ ጨመረ። ብዙ ሰዎች በየጽሕፈት መኪናቸው ፊት ተቀምጠው አንዱን ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ እንዲጠቀሙበት አስቻለ። ኮምፒዩተሩ ለእያንዳንዱ ከሰከንድ ያነሰ ተራ እየሰጠ ሲዞር፣ እያንዳንዱ ተጠቃሚ መኪናው የእርሱ ብቻ ይመስለዋል። በ1964 አይ ቢ ኤም ሲስተም 360 የተባሉትን ኮምፒዩተሮቹን ይፋ ባደረገ ጊዜ ደግሞ ትንሹም ትልቁም በአንድ ዐይነት ሥርዓት እንዲሠሩ ታቀደ። የዚያን ሥርዓት ዝግጅት የመሩት ፍሬድሪክ ብሩክስ በ1975 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በዘገየ የፕሮግራም ሥራ ላይ ተጨማሪ ሰው ማሰማራት ሥራውን ይበልጥ እንደሚያዘገየው አስረድተዋል። በ1969 ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላቦራቶሪ ዩኒክስን ጀመሩ። በ1973 ሲ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ እንደገና በመጻፉ ዩኒክስ ከአንድ ዐይነት መኪና ጋር ከመቈራኘት ተላቀቀ።

የሥርዓተ ክወና ሥራ ምን እንደ ሆነ ለተማሪ ማስረዳት ሲያስፈልግ ጸሐፊው «የውኃ አባት»ን ምሳሌ ያደርጋል። በመስኖ በሚታረስበት አገር የውኃ አባት የራሱን ማሳ በሌላው ተራ አያጠጣም፤ ተራ ያከፋፍላል፣ ቦዩን ይጠብቃል፣ የአንዱ ውኃ ወደ ሌላው ማሳ እንዳይገባ ይከለክላል። ሥርዓተ ክወናም እንዲሁ ነው። የኮምፒዩተሩን ጊዜ፣ የማስታወሻውን ቦታ፣ ዲስኩንና ማተሚያውን ለፕሮግራሞች ያከፋፍላል፤ አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ድንበር እንዳይገፋ ይጠብቃል። ጥሩ የውኃ አባት ስሙ ብዙ አይነሣም፤ ስሙ የሚነሣው ሲያዳላ ነው። ከብዙ ዓመት ሥራ በኋላ ይህ ጸሐፊ ስለ ሥርዓተ ክወና ያለው አስተያየት ከዚህ አይርቅም።

3. ርስትና ጉልት

በ1981 አይ ቢ ኤም አነስተኛውን የግል ኮምፒዩተር ለገበያ ባቀረበ ጊዜ ሥርዓተ ክወናውን ያገኘው ማይክሮሶፍት ከተባለው ኩባንያ ነው። ማይክሮሶፍትም ራሱ ቲም ፓተርሰን በሲያትል የጻፈውን ሥርዓት ገዝቶና አሻሽሎ ነበር ያቀረበው። በውሉ ውስጥ የነበረው ዋና ነጥብ ማይክሮሶፍት ሥርዓቱን ለሌሎች ኮምፒዩተር ሠሪዎችም የመሸጥ መብቱን ማስቀረቱ ነው። አይ ቢ ኤምን የሚመስሉ ኮምፒዩተሮች ከልዩ ልዩ ፋብሪካዎች በወጡ ጊዜ ሁሉም የሚፈልጉት ያንኑ ሥርዓት ሆነ። መኪናውን የሚሠሩት ብዙዎች፣ ሥርዓቱን የሚሰጠው አንድ ሆነ ማለት ነው።

ይህን ግንኙነት የሚገልጽ ነገር በራሳችን ታሪክ ውስጥ አለ። በቀድሞው የመሬት ሥሪት «ርስት» እና «ጉልት» የተለያዩ ነገሮች ነበሩ። ርስት ከአባት ከእናት በሚወረስ መብት የሚያዝ መሬት ነው። ጉልት ደግሞ መሬቱን የሌላ ሰው ርስት እንደ ሆነ ትቶ፣ ከመሬቱ ግብር የመሰብሰብ መብት ነበር። ሁለቱ መብቶች በአንድ ማሳ ላይ ተደራርበው ይኖሩ ነበር። አንድ ሰው ኮምፒዩተር ሲገዛ መኪናው ርስቱ ይሆናል። ሥርዓተ ክወናው ግን አብሮ አይሸጥለትም፤ የሚሰጠው በውል የታጠረ የመጠቀሚያ ፈቃድ ነው። ሥርዓቱን የሠራው ድርጅት በርስቱ ላይ ባለጉልት ሆኖ ይቀመጣል።

ጉልቱ ለብዙ ዓመታት ቀላል ነበር፤ ገዢው አንድ ጊዜ ከፍሎ እስከ ፈለገው ዓመት ይሠራበታል። በይነ መረብ ከተስፋፋ በኋላ ግን ባለጉልቱ ከሩቅ ሆኖ ማሳውን ማየትና መለወጥ ቻለ። በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ድጋፉ የተቋረጠው በ2014 ነው፤ በ2015 የወጣው ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አበቃ። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 የተወሰነ ዐይነት የደኅንነት ቺፕና በዝርዝር የተወሰኑ ፕሮሰሰሮችን ስለሚጠይቅ፣ ምንም ያልተበላሹ ብዙ ኮምፒዩተሮች ከደጅ ቀሩ። እነዚህ መኪናዎች አላረጁም፤ ያረጀው ፈቃዳቸው ነው። አሮጌ ኮምፒዩተር ከውጭ እየመጣ ለትምህርት ቤትና ለአነስተኛ ንግድ በሚያገለግልበት አገር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ከዚህ የተለየ መንገድም ተሞክሯል። በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የተባለው አሜሪካዊ ማንም ሊያነበው፣ ሊለውጠውና ለሌላ ሊያካፍለው የሚችል ሙሉ ሥርዓት ለማዘጋጀት መነሣቱን አስታወቀ። በ1991 ደግሞ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ሊነክስ የተባለውን ማዕከላዊ ክፍል ይፋ አደረገ። ሁለቱ ሥራዎች ተጣምረው ባለጉልት የሌለው ሥርዓት ተገኘ። ዛሬ በይነ መረብን ከሚያገለግሉት ኮምፒዩተሮች አብዛኞቹ የሚሠሩት በእርሱ ነው። አንድሮይድ የተባለው የስልክ ሥርዓትም መሠረቱ ሊነክስ ነው። ይሁን እንጂ መሠረቱ ክፍት መሆኑ ብቻውን ለስልኩ ባለቤት ነጻነት አልሰጠውም። በብዙ ስልኮች ላይ ባለቤቱ ያልጠየቃቸው ፕሮግራሞች ተጭነው ይመጣሉ፤ ሊያጠፋቸው ቢሞክርም እሺ አይሉም። ሰው በከፈለበት ዕቃ ላይ እንግዳ ሲሆን ከማየት የበለጠ ይህን ጸሐፊ ያሳዘነው ነገር የለም።

4. ፊደላችንና ሥርዓቱ

ሥርዓተ ክወና ለአማርኛ ጸሐፊ ሩቅ ነገር እንዳልሆነ የፊደላችን ታሪክ ያሳያል። የጽሕፈት መኪና በመጣ ጊዜ በጥቂት ቁልፎች ላይ ይህን ያህል ፊደል ማስፈር ስላልተቻለ፣ ዋናው ፊደልና የድምፅ ምልክቱ ተለያይተው ይመቱ ነበር፤ በዚህም የፊደሉ መልክ ተጐዳ። ኮምፒዩተር ሲመጣ ችግሩ መልኩን ለወጠ። በጊዜው የነበሩት ሥርዓቶች ለአንድ የፊደል ስብስብ ቢበዛ 256 ቦታ ብቻ ነበራቸው፤ ያውም በላቲን ፊደል ልክ የተሰፋ። በመሆኑም የአማርኛ ፕሮግራም አዘጋጆች ፊደሉን ከሁለትና ከዚያ በላይ ስብስቦች ላይ እየከፋፈሉ፣ እያንዳንዱም በመሰለው ቍጥር እየሰየመ አሠፈሩት። በአንዱ ፕሮግራም «በ» የሆነው ቍጥር በሌላው ሌላ ፊደል ይሆን ነበር።

ጸሐፊው ይሠራበት በነበረ አንድ መሥሪያ ቤት ለዐሥር ዓመት ያህል የተጻፉ ደብዳቤዎችና ቃለ ጉባኤዎች በእንዲህ ዐይነት ፕሮግራም ተቀምጠው ነበር። ሥርዓተ ክወናው ሲለወጥ ፕሮግራሙ አልነሣ አለ። ጽሑፉ አልጠፋም፤ ዲስኩ ላይ አለ፤ ግን የሚያነበው የለም። ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲገለበጥ የትኛው ፊደል ከየትኛው ስብስብ እንደ ተወሰደ የሚናገረው ምልክት ስለሚቀር፣ በሁለተኛው ስብስብ ላይ የነበሩት ፊደላት የመጀመሪያውን ስብስብ ፊደላት መልክ ይዘው ብቅ አሉ። ከብዙ ወራት ድካም በኋላ ከፊሉን አዳንን፤ ከፊሉን ግን በወረቀት ታትሞ ከተገኘው ላይ እንደገና መጻፍ ግድ ሆነ። ወረቀት ያልተገኘለት እንደ ጠፋ ቀረ። የተዘጋ ሥርዓት ምን እንደሚያስከፍል ይህ ጸሐፊ የተማረው ከመጽሐፍ አይደለም።

መፍትሔው የመጣው የዓለም ፊደላትን ሁሉ በአንድ የቍጥር መዝገብ የሚያሰፍረው ዩኒኮድ በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ የግእዝን ፊደል ሲቀበል ነው። በዚያ እትም 345 የፊደል፣ የቍጥርና የሥርዓተ ነጥብ ምልክቶች ቦታ አገኙ፤ በ2005 እና ከዚያ በኋላም በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨመሩ። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የተባለውን የፊደል ቅርጽ ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የአማርኛ ጽሑፍ ከመኪና ወደ መኪና ሳይበላሽ ይሄዳል። ልብ ሊባል የሚገባው መፍትሔው የተገኘው አንዱ ፕሮግራም ሌሎቹን በማሸነፉ ሳይሆን፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ ስምምነት በመደረጉ መሆኑ ነው።

5. የአንዳንድ ቃላት ምርመራ

ሀ. ሥርዓተ ክወና። «ከወነ» ፈጸመ፣ አከናወነ ማለት ነው፤ «ክዋኔ» እና «ክውን ጥበባት» በሚሉት ውስጥ እናገኘዋለን። ስለዚህ ስያሜው ሥራን የማስፈጸም ሥርዓት ማለት ይሆናል። «የአሠራር ሥርዓት» ከሚለው ይሻላል፤ ያኛው የመሥሪያ ቤትን የሥራ ደንብ ስለሚመስል ያደናግራል። ጉድለቱ በባዕዱ ቃል ውስጥ ያለውን የኦፕሬተሩን ሰው ማስቀረቱ ነው፤ ሆኖም ቃሉ ስለ ተለመደ መለወጡ አስፈላጊ አይመስልም።

ለ. ማዘመን። ይህ ቃል በአሁኑ ጊዜ በስልኩም በኮምፒዩተሩም ላይ የሚነበብ ነው። «አዘመነ» ዘመናዊ አደረገ ማለት ስለ ሆነ፣ ቃሉ ለውጡ ሁልጊዜ መልካም መሆኑን አስቀድሞ ይፈርዳል። ነገሩ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። በዲሴምበር 2017 አፕል የተባለው ኩባንያ ባትሪያቸው የደከመ አንዳንድ ስልኮች በድንገት እንዳይጠፉ በማለት ፍጥነታቸውን በማዘመኛ መቀነሱን አመነ፤ ባለቤቶቹ ግን አስቀድሞ በግልጽ አልተነገራቸውም ነበር። በሌላ በኩል ማዘመኛ ሁሉ መጥፎ ነው ማለትም ስሕተት ነው። በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሳይቀር ባጠቃ ጊዜ፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው ማስተካከያ ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ ከተጠቁት ብዙዎቹ ያልጫኑት ናቸው።

ስለዚህ አንድ ቃል የሸፈናቸውን ሁለት ነገሮች መለየት ይገባል። ቀዳዳ የሚደፍነውን «መጣፊያ» ብንለው፣ ልብስ የጣፈ ሁሉ ያውቀዋል፤ መልክንና ጠባይን የሚለውጠውን ደግሞ «አዲስ እትም» ብንለው፣ እንደ መጽሐፍ እትም ሰው መርጦ ይቀበለዋል። ባለቤቱ መጣፊያውን ሳይዘገይ፣ አዲሱን እትም ግን አስቦበት እንዲወስድ ቃሉ ራሱ ይመክረዋል። መጣፊያ የበዛበት ሥርዓትም «ድሪቶ» ለመባል ሩቅ አይሆንም።

ሐ. ነባሪ። ባለቤቱ ሌላ ካልመረጠ በቀር የሚሠራውን ምርጫ «ነባሪ» ማለት ተለምዷል። ይህ ስያሜ ከባዕዱ ይልቅ እውነቱን ይናገራል፤ ነባሪ የሚኖር፣ ከስፍራው የማይነሣ ነውና። አብዛኛው ሰው አይለውጠውም። ይህ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በኦገስት 2024 አንድ የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት በጉግል ላይ በሰጠው ውሳኔ ታይቷል፤ ኩባንያው የፍለጋ አገልግሎቱ ነባሪ እንዲሆን በ2021 ብቻ ከ26 ቢሊዮን ዶላር በላይ መክፈሉ በችሎቱ ተገልጿል። የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ይህን ቃል ሲፈቱ «ባለቤቱ ሊለውጠው የሚችል» የሚለውን ቢጨምሩበት ለብዙ ሰው ትምህርት ይሆናል።

መ. ተጠቃሚ። ቃሉ በመነሻው ጥቅም የሚያገኝ ማለት ነው። የሚጠቀመው ማን እንደ ሆነ ግን አከራካሪ ነው፤ ሰውየው የት እንደሄደ፣ ምን እንዳነበበ እየተመዘገበ ለማስታወቂያ ሲውል ተጠቃሚው ሌላ ነው። ዕቃው የእርሱ ሲሆን «ባለቤት»፣ በውል የተፈቀደለት ብቻ ሲሆን «ባለፈቃድ»፣ ሁለቱንም ሳይሆን የሚሠራበት ሲሆን «ተጠቃሚ» ቢባል፣ ውሉን ያላነበበ ሰው እንኳ ቦታውን ያውቃል።

ሠ. ነጻ። የእንግሊዝኛው ቃል ነጻነትንና ያለ ዋጋ መሆንን ስለሚያደባልቅ የነጻ ሶፍትዌር አራማጆች ልዩነቱን ሲያስረዱ ኖረዋል። አማርኛ ግን በአንዲት ፊደል ይለየዋል፤ «ነጻ ሶፍትዌር» ሌላ፣ «በነጻ የሚሰጥ ሶፍትዌር» ሌላ ነው። የመጀመሪያው በዋጋ ሊሸጥ ይችላል፤ ሁለተኛው ባለቤቱን ሊያስር ይችላል። በትርጉም ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች «በ»ን እንዳያስቀሯት፣ ያለቦታዋም እንዳያስገቧት አደራ ያስፈልጋል።

6. መደምደሚያ

ከላይ እንደተመለከተው ሥርዓተ ክወና የሰውን ኦፕሬተር ለመተካት ተነሥቶ፣ በሰባ ዓመት ጊዜ ውስጥ በሰው ንብረት ላይ ባለጉልት እስከ መሆን ደርሷል። ይህ ጸሐፊ ሁሉም ሰው አንዱን ሥርዓት ትቶ ሌላውን ይያዝ አይልም። ሊነክስም የራሱ ድካም አለው፤ ለሒሳብ ሹሙ የለመደው ፕሮግራም አልነሣ ሲለው ስለ ነጻነት ማስተማር ከንቱ ነው። ጸሐፊው ለጠየቀው ሁሉ የሚመክረው ሦስት ነገር ነው፦ ዕቃ ከመግዛት በፊት መጣፊያው እስከ መቼ እንደሚቀጥል መጠየቅ፤ ጽሑፍንና ፎቶግራፍን ሌላ ፕሮግራም ሊያነበው በሚችል ክፍት መልክ ማስቀመጥ፤ ነባሪውን ሁሉ አንድ ጊዜ ከፍቶ መመልከት።

የመዝገበ ቃላት ሠራተኛ ድርሻ ግን ከምክር ይከብዳል። በዛሬው ጊዜ በአማርኛ ከሚነበቡት ቃላት ጥቂት የማይባሉት በስልክ መስኮት ላይ ያሉት ናቸው፤ የመረጧቸውም ብዙ ጊዜ የቋንቋ ተቋማት ሳይሆኑ ሻጮቹ የቀጠሯቸው ተርጓሚዎች ናቸው። ጉልት በሕግ ሲቀር፣ በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅም ጭሰኝነት ሲያበቃ፣ ገበሬው በመሬቱ ላይ ማን ምን መብት እንዳለው የሚገልጹ ቃላት ነበሩት፤ ርስቱን ርስት፣ ጉልቱን ጉልት ይል ነበር። ዛሬ ስልኩን በኪሱ የያዘው ሰው ይህን የመሰለ ቃል የለውም፤ በስሙ ያልጠራውንም ነገር ሊከራከርበት አይችልም። ስለዚህ «መጣፊያ»፣ «አዲስ እትም»፣ «ባለፈቃድ» የሚሉት ሐሳቦች እዚህ ቀርበዋል። የተሻለ ቃል ያለው ቢያቀርብ ጸሐፊው የራሱን ለመተው ዝግጁ ነው።